ከድሮ ክፍፍል የቀረ ቁራጭ ግድግዳ፦ ይፍረስ፣ ይቆይ ወይስ ይለወጥ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች የንጽጽር መመሪያ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ብዙው የመኖሪያ ቤት በአንድ ፕላን ተጀምሮ በአንድ ጊዜ ያለቀ አይደለም። መጀመሪያ ሁለት ክፍል ይሠራል፤ ቤተሰብ ሲበዛ ከጎኑ ሌላ ክፍል ይቀጠላል፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሳሎኑን ለማስፋት ወይም ሰርቪሱን ከዋናው ቤት ጋር ለማገናኘት በመካከል ያለው ግድግዳ ይከፈታል። ሲከፈት ግን ከዳር እስከ ዳር አይነሳም። ብዙ ጊዜ ከአንዱ ወይም ከሁለቱም ጎን ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ ቁራጭ ቆሞ ይቀራል። ይህ ቁራጭ ሶፋ በወጉ እንዳይገባ ይከለክላል፣ ብርሃን ይጋርዳል፣ ለዱዓም ሆነ ለማኅበር ሰው ሲሰበሰብ ግማሹን እንግዳ ከግማሹ ይለያል፤ ባለቤቱም ውሎ አድሮ ሊያስወግደው ይመኛል።

ከፊቱ ያሉት ምርጫዎች በመሠረቱ አራት ናቸው፦ ቁራጩን ሙሉ በሙሉ ማፍረስ፣ እንዳለ መተው፣ ከላይ ቆርጦ ወደ ግማሽ ግድግዳ ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ቁመቱን ሳይነኩ ጥቅም እንዲሰጥ አድርጎ መለወጥ። ብዙ ሰው እነዚህን የሚያነጻጽረው በመልክና በወጪ ነው። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቁራጩ ምን ይዟል የሚለው ነው፤ ለዚህ ጥያቄ በዓይን ታይቶ መልስ ካልተገኘ በስተቀር የቀሩት ሦስት ጥያቄዎች ማለትም የመልክ፣ የቦታና የገንዘብ ጉዳይ ገና አልተነሱም ማለት ነው።

ቁራጩ ለምን ቀረ?

ግድግዳውን የከፈተው ግንበኛ ቁራጩን የተወው ከሦስት ምክንያቶች በአንዱ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ ተመሳሳይ ስለሆኑ መለየት ያሻል።

አንደኛው ቁራጩ ለቢም ማረፊያ መሆኑ ነው። ግድግዳ ሲከፈት በላዩ ያለውን ጭነት የሚሸከም ቢም ወይም ከበር በላይ እንደሚደረገው ያለ አግዳሚ አርማታ ይገባል፤ የዚህ ቢም ጫፎች ደግሞ በሁለቱም ወገን ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል በጠንካራ ነገር ላይ ማረፍ አለባቸው። ቁራጩ የቆመው ለዚሁ ከሆነ፣ እርሱን ማንሳት የቢሙን እግር እንደ መቁረጥ ነው። ልስኑ ሁሉንም ስለሚሸፍነው ከታች ሆኖ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ቢሙ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አያውቅም። ስለዚህ በቁራጩ አናት ላይ፣ ከቢሙ ጫፍ በሚገናኝበት ቦታ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ልስን በመሮ ተነስቶ ውስጡ መታየት አለበት። አርማታው ቁራጩን አልፎ እስከ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ወይም እስከ ዋናው ግድግዳ ከዘለቀ ቁራጩ ከቢሙ ጭነት ነጻ ሊሆን ይችላል፤ በቁራጩ ላይ ካበቃ ግን ተሸካሚው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ቁራጩ ሌላ ግድግዳ ደግፎ መቆሙ ነው። ረጅም ግድግዳ በመካከሉ በአግድም የሚገናኘው ሌላ ግድግዳ ከሌለው ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ለመዝመም የተጋለጠ ይሆናል። በመካከል የነበረው ግድግዳ ሲከፈት ልምድ ያለው ግንበኛ ቁራጩን የሚያስቀረው ረጅሙን ግድግዳ ይዞ እንዲያቆመው ነው። ይህ ምክንያት ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋ ሲሆን፣ በተለይ በደሴ ተዳፋት ላይ ላሉ ቤቶች ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው፤ ወደኋላ በስፋት እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ምክንያት ቀላል ነው፦ ገንዘብ ወይም ጊዜ አልቆ፣ ወይም በቁራጩ ውስጥ የመብራት መስመር አልፎ፣ ግንበኛው እዚያው አቁሞ ሄዷል። እንዲህ ያለው ቁራጭ ምንም ሳይሸከም ለዓመታት ይቆማል፤ ማፍረስም ይቻላል።

የቤቱ አሠራር የሚሰጠው ፍንጭ

በሁለቱ ከተሞች የሚገኙ ቤቶችን ለዚህ ጉዳይ በአራት ከፍሎ ማየት ይበጃል።

የጭቃ ቤት። እዚህ ቤቱን የሚሸከመው ጭቃው ሳይሆን ቋሚው እንጨት ነው። ማገሩና ምርጊቱ ቋሚዎቹን አያይዞ ያጠነክራል እንጂ ጣሪያውን ብቻውን አይሸከምም። ስለዚህ በቁራጩ ውስጥ ስንት ቋሚ እንዳለ፣ ከእነርሱም የትኛው እስከ ጣሪያ ወጥቶ ወራጅ ወይም ሞራሌ እንደተቀበለ ማየት ይገባል። ኮርኒሱ ቺፑድም ይሁን የድሮ አቡጀዲ፣ አንድ ጥግ ተከፍቶ ባትሪ ይዞ ወደ ላይ መውጣት ግዴታ ነው። የቁራጩ ቋሚ ከኮርኒሱ በታች ካበቃ ክፍልፍል ብቻ ነው፤ ወደ ጣሪያው ከዘለቀ ግን ምርጊቱና ማገሩ ቢነሳ እንኳ ቋሚው ራሱ መነካት የለበትም። ቋሚውን አስቀርቶ፣ አጽድቶና ቀለም ቀብቶ እንደ ምሰሶ መተው በጭቃ ቤት ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ቦታው ይሰፋል፣ ጣሪያውም አይጎዳም። የባህር ዛፍ ቋሚ ከሆነ ግን ከመሬት የሚገናኝበትን ስፍራ በስለት ወጋ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በምስጥ ከተበላ ወይም ከበሰበሰ፣ በዙሪያው ያለው ምርጊት ሲነሳ ደጋፊ ያጣል።

በድንጋይ የተገነባ ቤት። በደሴ የቆዩ ሰፈሮች ከ50 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ውፍረት ያለው የድንጋይ ግድግዳ ያላቸው ቤቶች አሉ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ኮለን ብሎ ነገር የለም፤ ጣሪያውንም፣ ፎቅ ካለውም ወለሉን የሚሸከመው ግድግዳው ነው። ድንጋዮቹ እርስ በርስ ተነካክሰው የቆሙ ስለሆኑ ቁራጩን ከዋናው ግድግዳ መንቀል ማለት የዋናውንም ድንጋዮች ማናጋት ነው፤ የተገነባው በጭቃ ወይም በኖራ ቡኬት (ማያያዣ ድብልቅ) ከሆነ ደግሞ አንዱ ድንጋይ ሲወጣ ያልተፈለገው አብሮ ይወርዳል። በድንጋይ ቤት ውስጥ ያለ ቁራጭ እንዲቆይ እመክራለሁ። ማፍረስ የሚፈልግ ካለ ከመሐንዲስ የተጻፈና የተሳለ መፍትሔ በእጁ ሊይዝ ይገባል።

ኮለንና ቢም ያለው የብሎኬት ቤት። ጭነቱን የሚቀበለው አርማታው ስለሆነ በኮለኖች መካከል ያለው ብሎኬት በአብዛኛው ሙሌት ነው፤ ቁራጩን ማፍረስ ከሁሉ የሚቀለውም እዚህ ነው። ቢሆንም ሁለት ነገር ይስተዋል። ፎቅ ያለው ቤት ከሆነ ከላይ ያለው ክፍል ግድግዳ በቀጥታ በቁራጩ ላይ የተቀመጠ እንደሆነ ማየት ያሻል። ቤቱ በአስፋልት ዳር ሆኖ ምድር ቤቱ ለሱቅ እየተከፈተ ከሄደ ደግሞ፣ ከላይ በግድግዳ የተሞላ ፎቅ፣ ከታች በባዶ ኮለኖች ላይ የቆመ ቤት ይሆናል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ጉዳቱ በዚያ ባዶ ወለል ላይ ይከማቻል። አንድ ቁራጭ ብቻውን ይህን ላያመጣ ይችላል፤ ነገር ግን ቀደም ሲል ሦስት ግድግዳ ከተነሳበት ወለል ላይ አራተኛውን ማንሳት ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይደለም።

ኮለን የሌለው የብሎኬት ቤት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ በብሎኬት የተሠራ ስለሆነ «ሙሌት ነው» ተብሎ ይታሰባል፤ በእውነቱ ግን አነስተኛ ቤቶች፣ ሰርቪሶችና በኋላ የተቀጠሉ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ያለ ኮለን ተሠርተው ጣሪያቸው በቀጥታ በብሎኬቱ ላይ ያረፈ ነው። መለያው አስቸጋሪ አይደለም፦ በማዕዘኖቹና ግድግዳዎች በሚገናኙበት ቦታ ልስኑ ትንሽ ሲነሳ አርማታ ከታየ ኮለን አለ፤ ብሎኬት በብሎኬት ላይ ተጠላልፎ ከታየ የለም። ኮለን ከሌለ ቁራጩ እንደ ድንጋይ ቤቱ ቁራጭ ተሸካሚ ነው ተብሎ ይያዝ።

ከተዳፋት ሥር የተሠሩ ቤቶች

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ በተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። የመሬት መንሸራተት በተደጋጋሚ የሚያጠቃት መሆኑን ነዋሪው ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ግቢ የሚገኘው አቀበቱን ቆርጦ በማስተካከል ነው፤ አፈሩም በድጋፍ ግንብ ይያዛል። አንዳንድ ቤት ግን ለብቻው የቆመ ድጋፍ ግንብ የለውም፤ የቤቱ የኋላ ግድግዳ ራሱ አፈሩን ደግፎ ይቆማል፤ ከኋላ በኩል ያለው መሬት እስከ መስኮቱ ደፍ፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ ይደርሳል።

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ከኋላው ግድግዳ ተነስቶ ወደ ሳሎኑ የሚገባ ቁራጭ ካለ፣ በጣም በቅርብ መታየት አለበት። በበጋ አፈሩ ደረቅ ሆኖ ግድግዳውን ብዙም አይገፋም። በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ይጨምራል፣ ከኋላ የተጠራቀመው ውሃም በራሱ ይገፋል። የኋላው ግድግዳ ይህን ግፊት የሚቋቋመው በአግድም በሚገናኙት ግድግዳዎች እየታገዘ ነው፤ ቁራጩም ከእነርሱ አንዱ ነው። ምልክቶቹን በእጅ መዳሰስ ይቻላል፦ ቁራጩ ከኋላው ግድግዳ የሚገናኝበት ጥግ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ስንጥቅ፣ ከታች ጠባብ ከላይ ሰፊ ሆኖ፤ በወገብ ቁመት ላይ የልስን መነፋት፤ ከዙኮሎው (ከግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) በላይ ነጭ ጨው መሳይ ዱቄት፣ ሲነካ የሚራገፍ፤ ቱምቢ (በክር የታሰረ የግንበኛ ክብደት) ሲወርድ ከግድግዳው መሐል ጋር የማይስተካከል ክር። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ቁራጩ ሥራ ላይ ነው፤ መነካትም የለበትም። ገንዘቡ ቁራጩን ለማፍረስ ከሚውል ይልቅ ከቤቱ ጀርባ የውኃ መውረጃ ቦይ ለማበጀት ቢውል ይሻላል።

ስንጥቁ አዲስ ይሁን አሮጌ ካልታወቀ በላዩ ላይ የጂፕሰም ቅብ በአውራ ጣት ስፋት አድርጎ ቀኑን መጻፍ ጥሩ ዘዴ ነው። ጂፕሰሙ ሳይሰነጠቅ አንድ ክረምት ካለፈ እንቅስቃሴው ቆሟል ለማለት መነሻ ይሆናል፤ ከተሰነጠቀ ቤቱ አሁንም እየሄደ ነው።

ኮምቦልቻ ከደሴ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ብትገኝም ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በቦርከና ሜዳ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ የተዳፋት ችግር በመሐል ከተማዋ እምብዛም ነው። እዚያ የሚያሳስበው ዋልካ አፈር ያለበት ቦታ ነው። ዋልካ በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ መሠረቱ ጥልቅ ያልሆነ ቤትም ከእርሱ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። ቁራጩ ከሥሩ የራሱ መሠረት ከሌለውና በወለሉ ላይ ብቻ ከተገነባ፣ ከዋናው ግድግዳ ጋር የሚያገናኘው መሥመር በየዓመቱ ይሰነጠቃል። ይህ ስንጥቅ ቤቱ አደጋ ላይ መሆኑን ላያሳይ ይችላል፤ እንዲያውም ቁራጩ ከቤቱ የተለየና ምንም የማይዝ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል፤ የማፍረስን ምርጫ የሚያጠናክርበት ጊዜም አለ።

አራቱ ምርጫዎች ሲነጻጸሩ

ሙሉ በሙሉ ማፍረስ ትልቁን ቦታ ይሰጣል። አንድ ሜትር ስፋትና ሦስት ሜትር ቁመት ያለው፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት የተገነባና በሁለቱም ወገን የተለሰነ ቁራጭ ወደ 38 ብሎኬት ይይዛል፤ ክብደቱም ወደ 9 ኩንታል ይጠጋል። ይህን ያህል ክብደት ከወለሉ መነሳቱ ፎቅ ላይ ላለ ክፍል ጥቅም ነው። ነገር ግን የማፍረስ ዋጋ የሚታሰበው በአፍራሹ የቀን ሂሳብ ብቻ ከሆነ ስሌቱ ጎደሎ ነው፤ ትልቁ ወጪ የሚመጣው ከፈረሰ በኋላ ነው። ከቁራጩ ሥር ሴራሚክ የለም። ወለሉ ከተነጠፈ ከዓመታት በኋላ አንድ ዓይነት ቀለምና መጠን ያለው ሴራሚክ ማግኘት የማይሆን ነው ብል ማጋነን አይደለም፤ ስሙ አንድ ቢሆንም ቀለሙ በየምርቱ ይለያያል። ኮርኒሱም እንዲሁ ከቁራጩ ጋር የሚገናኝበት መሥመር ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ በሁለቱ ወገን ያለው የኮርኒስ ከፍታ እኩል ካልሆነም ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ከማፍረስ በፊት የተራረፈ ሴራሚክ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንደሆነ ይፈለግ። ከሌለ የተጎዳውን መሥመር ለመደበቅ ከመድከም ይልቅ በእምነ በረድ ወይም ሆን ተብሎ በተመረጠ ሌላ ቀለም ማሰር የተሻለ ይመስለኛል፤ ተመሳስሎ ያልተመሳሰለ ሴራሚክ ሁልጊዜ ዓይን ይስባል፣ በግልጽ የተለየ መሥመር ግን የታሰበበት ይመስላል።

እንዳለ መተው ብዙ ጊዜ እንደ ሽንፈት ይቆጠራል፤ በደሴ ግን ጠንካራ መከራከሪያ አለው። ከተማዋ ብርድ ናት፤ በር በተከፈተ ቁጥር ነፋሱ በቀጥታ ወደ ሳሎኑ ይገባል። ከመግቢያው አጠገብ የቆመ ቁራጭ ይህን ነፋስ ይሰብራል፤ መጅሊስ ላይ የተቀመጡትንም ከደጅ ዓይን ይሸፍናል። ወሎ ቤት እንግዳ የማይጠፋበት በመሆኑ፣ በር ላይ የቆመ ሰው የቤቱን ውስጥ ሙሉ እንዳያይ የሚያደርግ ነገር መኖሩ ትንሽ ጥቅም አይደለም፤ ከፈረሰ በኋላ በመጋረጃ ሊተኩት የሚሞክሩ ብዙዎች ናቸው። በኮምቦልቻ ሁኔታው ይገለበጣል። እዚያ ሙቀት ስላለ አየር ከአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ይፈለጋል፤ በሁለት ትይዩ መስኮቶች መካከል የቆመ ቁራጭ ካለ ቤቱን ያፍናል። አንድ ዓይነት ቁራጭ፣ አንድ ዓይነት ቤት፣ በደሴ እንዲቆይ በኮምቦልቻ እንዲነሳ ብመክር ተቃርኖ የለውም።

ወደ ግማሽ ግድግዳ ዝቅ ማድረግ አሁን በብዙ ቤት የሚታይ ምርጫ ነው፤ ሳሎኑን ከምግብ ክፍሉ ወይም ከኩሽናው የሚለይ፣ ላዩ ላይ እምነ በረድ የተነጠፈበት እንደ ባንኮኒ ያለ ነገር። ያምራል፣ ብርሃንም ያሳልፋል፣ የወለሉን ጠባሳ ያስቀራል። ያም ሆኖ በእኔ ግምት ከአራቱ ይበልጥ ሳይታሰብበት የሚደረገው ይኸኛው ነው፤ በሁለት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባል።

የመጀመሪያው ቁራጩ ሙሉ ቁመት ሳለ ከላይ በቢሙ ወይም በጣሪያው ተይዞ የቆመ መሆኑ ነው። ከላይ ሲቆረጥ ከታችና ከአንድ ጎን ብቻ የተያዘ ይሆናል። ልጆች የሚንጠላጠሉበት፣ ሰው የሚደገፈው፣ ላዩ ላይ ከባድ እምነ በረድ የተጫነበት የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ በሲሚንቶ ቡኬት ብቻ ሊታመን አይገባም። አናቱ ላይ ፌሮ የገባበት ቀጭን አርማታ መታሰር፣ ነጻ በሆነው ጫፉም ከወለሉ የተነሳ ቋሚ ፌሮ በብሎኬቱ ቀዳዳ ገብቶ በአርማታ መሞላት አለበት።

ሁለተኛው ከኮለን ጋር የተያያዘ ግማሽ ግድግዳ ነው። ኮለን በሙሉ ቁመቱ ነጻ ሆኖ ሲወዛወዝ ኃይሉን በርዝመቱ ያከፋፍላል። እስከ ግማሹ ድረስ በብሎኬት ከታሰረ ግን መወዛወዝ የሚችለው ከላይ የቀረው አጭር ክፍል ብቻ ስለሚሆን ኃይሉ ሁሉ እዚያ ይከማቻል፣ ኮለኑም በሰያፍ ይሰነጠቃል። ይህ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ሕንፃዎችን ከሚጎዱ የታወቁ ምክንያቶች አንዱ ነው። ለእኛ አካባቢ ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ ሁለቱም ከተሞች በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ናቸው። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል፣ የካራ ቆሬንም ብዙ ቤቶች ጥሏል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከታተሉት መንቀጥቀጦች ጉዳዩን ለሁላችንም አስታውሰዋል። ግማሽ ግድግዳ የግድ ከኮለን አጠገብ መሆን ካለበት በሁለቱ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ክፍተቱም በቡኬት ሳይሆን በስፖንጅ ወይም በፎም ተሞልቶ በቀጭን ጠርዝ ይሸፈን።

ቁመቱን ሳይነኩ መለወጥ፣ ማለትም ቁራጩን የመደርደሪያ፣ የመጽሐፍ ወይም የቡፌ ጎን አድርጎ ማሳመር፣ ብዙም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለተሸካሚ ቁራጭ የሚስማማው ይህ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለ፦ መደርደሪያው ከቁራጩ ፊት ይለጠፍ እንጂ ቁራጩ ውስጥ አይቦርቦር። ተሸካሚ ግድግዳ ውስጥ ለዕቃ ማስቀመጫ ተብሎ የሚቆፈር ጎድጓዳ ስፍራ ግድግዳውን በዚያ ልክ ያሳሳዋል።

ቁራጩ ተሸካሚ ሆኖ፣ ባለቤቱ ግን ቦታውን በእጅጉ የሚፈልገው ከሆነስ? አምስተኛ መንገድ አለ፤ ጭነቱን ወደ አዲስ ቢምና ወደ አዲስ ኮለን ማዛወር። ይህ ጭነቱን ያሰላ መሐንዲስ፣ የራሱ መሠረት ያለው ኮለን፣ እስኪጠነክር የሚቆይ ድጋፍ ይጠይቃል። ለአንድ ሜትር ቁራጭ ሲባል ይህን ሁሉ ማውጣት የሚያዋጣው ሳሎኑ በሌላም ምክንያት የሚታደስ ከሆነ ብቻ ነው እላለሁ።

ፈቃድና የጋራ ግድግዳ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃ መሥራትን ብቻ ሳይሆን ማሻሻልንና ማፍረስንም በፈቃድ ሥር አድርጓል። ምንም የማይሸከም ክፍልፍል ማንሳትና ተሸካሚ ግድግዳ መንካት በከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል በአንድ ዓይን ላይታዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ካርታና ፎቶግራፍ ይዞ መጠየቅ ይበጃል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ጉዳዩ ከዚህ ይጠብቃል፤ በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት እያንዳንዱ ቤት የባለቤቱ ቢሆንም የሕንፃው የጋራ ክፍል የሁሉም ነው፤ ከላይና ከታች የሚኖረው ጎረቤትም ሳይጠየቅ ሊታለፍ አይገባም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ቁራጩን አይንካ። ከጎረቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የሚጠቀሙ የቆዩ ቤቶችም አሉ፤ ቁራጩ ከዚያ ግድግዳ የሚነሳ ከሆነ ጎረቤትዬውን ጠርቶ ማሳየት ከሕግም በፊት የጉርብትና ጉዳይ ነው።

እንዲፈርስ ከተወሰነ

ጊዜው ይመረጥ። ደቡብ ወሎ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብም ስለሚያገኝ፣ ምቹ የሚሆነው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው፤ አፈሩ ደርቆ፣ ቤቱ ረግቶ፣ ፍርስራሹም በጭቃ ሳይለወስ ይወጣል።

ከመጀመሪያው ምት በፊት መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ፤ በቁራጩ ላይ ማብሪያ ወይም ሶኬት ባይኖርም መስመር ሊያልፍበት ይችላል። ከዚያም ቁራጩ ከዋናው ግድግዳ የሚገናኝበት መሥመር በግራይንደር ከላይ እስከ ታች ይቆረጥ። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሠራተኛው በመዶሻ ይጀምርና በብሎኬት ጥርሶች የተያያዘው ቁራጭ ሲነቀል የዋናውን ግድግዳ ልስንና ብሎኬት ይዞ ይወጣል። ቆርጦ የለየ ሰው ጥርሶቹን እዚያው ግድግዳው ውስጥ ትቶ ፊታቸውን ብቻ ይለስናል። የማፍረሱ አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች ነው፤ አንድ ረድፍ ብሎኬት ሲነሳ ቀጣዩ ይነሳል። ከሥር መትቶ በአንድ ጊዜ መጣል ፈጣን ቢመስልም 9 ኩንታል በአንድ ጊዜ ወለል ላይ ይወድቃል፤ ሴራሚኩ ይሰበራል፣ ፎቅ ከሆነም ሶሌታው (የፎቁ የአርማታ ወለል) ይደነግጣል፣ ሰውም ሊጎዳ ይችላል።

አቧራው ቀላል አይደለም፤ በተለይ የቆየ የጭቃ ግድግዳ ሲፈርስ የሚነሳው። አስም ያለበት ሰው፣ ሕፃንና አዛውንት በዚያ ቀን ሌላ ቤት ይዋሉ፤ ሠራተኛውም አፉንና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ግድግዳው ውሃ እየተረጨ ይፍረስ። ፍርስራሹ ደግሞ ወደ ቦይ ወይም ወደ ቦርከና አይጣል፤ ደሴ ላይ በቦይ የተጣለ ብሎኬት በሐምሌ ጎርፉን ወደ ታችኛው ሰፈር ቤት ያዞረዋል። የተሰባበረ ብሎኬት ለግቢ መሙያ ይሆናል፣ ደህና ድንጋይ ለአጥር ይተርፋል።

ልስኑ ወዲያው ይሠራ፤ ስቱኮውና የመጨረሻው ቀለም ግን ይቆይ። በቁራጩ ሥፍራ ዙሪያ፣ በኮርኒሱ ጠርዝና በቢሙ ሁለት ጫፎች ላይ ቀን የተጻፈባቸው የጂፕሰም ቅቦች ይደረጉ፤ በየወሩ መጨረሻም ይታዩ። በልግና ክረምት አልፈው ቅቦቹ ካልተሰነጠቁ በመስከረም ቀለሙን መቀባት ይቻላል። ከተሰነጠቁ፣ በተለይም ስንጥቁ በሰያፍ ወደ ቢሙ ጫፍ የሚሄድ ከሆነ፣ ከቢሙ ሥር ድጋፍ አቁሞ በዚያው ሳምንት መሐንዲስ መጥራት ያስፈልጋል።